የእንቅልፍ ቅባት

ሐኪሙ ኩባዊ ነበር። አስተርጓሚዋ ነርስ በዚያች ደቂቃ ወደ ሌላ ክፍል ተጠርታ ስለሄደች በእጁ አስረዳን። ሁለት መዳፎቹን ገጥሞ ጉንጩ ሥር አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ባለቤቴን ጠቆመ፤ ከዚያ ሆዷን ጠቆመ፤ በመጨረሻ ሌባ ጣቱን አንስቶ ፊቴ ላይ ነቀነቀው። ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም። እኔ ግን አስተማሪ ስለነበርኩ ጊዜ ወሰደብኝ።

ነርሷ ስትመለስ በአማርኛ ደገመችው።

«ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። ጨው ይቅር፣ ሸክም ይቅር፣ ከሁሉም በላይ ግን እንቅልፍ ነው። በጊዜ ትተኛ፣ ሳትሳቀቅ ትተኛ። አለዚያ ይሄኛውም አይቆይም ነው የሚልዎት።»

«ይሄኛውም» ያለችው ከትንሹ ልጃችን ወዲህ ሁለት ስላጣን ነው። ሁለቱም ሰባተኛው ወር ላይ ነበር የሄዱት። አሁን ደግሞ ስድስተኛው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ባለቤቴ የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ አብጦ ማሰሪያው አልደርስ ብሏታል። ወጥተን ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው ቆም ያለችው።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ምን ሰማህ?»

«ተኚ አለሽ።»

«እኔማ ስምንት ዓመቴ፣ ለመተኛት ስሞክር። የሚያስተኛኝ ነው ያጣሁት።»

ስምንት ዓመት ያለችው የትልቁ ልጃችን ዕድሜ ነው። ከእሱ ሥር የስድስት ዓመቱ አለ፤ ከሱ ሥር የአራት ዓመቱ። ሦስቱም ወንዶች ናቸው፤ ሦስቱም እኔን ይመስላሉ፤ ይህንን ባለቤቴ የምትናገረው እንደ ምርቃት አልነበረም።

ሁለታችንም ከሩቅ አገር ተመድበን የመጣን ነን። ጦርነቱ ካበቃ ጥቂት ዓመት ቢሆነውም መንገዱ ገና አልተደላደለም፤ እናቷን «ይምጡልን» ብለን ብንጽፍ ደብዳቤው እራሱ ሁለት ወር ይቆያል። ቀበሌው በዚያ ዓመት ጀጎል ውስጥ፣ ከግንቡ በስተውስጥ ማለቴ ነው፣ አንድ የጥንት የሐረሪ ቤት መድቦልን ገብተናል። ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ነደባ የሚሉት ቀይ ቀለም የተቀባ መደብ እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ማዕረግ አለው፤ እዚህ ትልቅ ሰው፣ እዚያ እንግዳ፣ እዚያ ደግሞ ታናሽ ይቀመጣል። የእኔ ልጆች ይህንን ሁሉ የማዕረግ ሥርዓት የዝላይ ሜዳ አደረጉት። ከላይኛው ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ምንጣፉ፣ ከምንጣፉ እኔ ላይ።

በግድግዳው ወዲያ፣ በአንድ ግቢ በር የምንገባበት ቤት ውስጥ፣ አንዲት ባልቴት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እማማ እላቸዋለሁ። በእኛ ግድግዳና በእሳቸው ግድግዳ መካከል ያለው ድንጋይ ወፍራም ነው ይባላል፤ ልጆቼ ግን ድንጋይ አያቆማቸውም። እማማ አንድም ቀን አላማረሩም። ጠዋት ጠዋት ሲያዩኝ ብቻ «መምህር፣ ደህና አደራችሁ? አደራችሁ ወይ?» ይሉኛል። ሁለተኛዋን ጥያቄ የሚያስረግጧት ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ልጅ ለማስተኛት በእኔ አገር አንድ ጥንታዊ መላ አለ፤ «ጅብ መጣ!» ይባላል። ሐረር ላይ ይህን ሞከርኩት። ትልቁ ቀና አለና፣ «የትኛው?» አለኝ።

ሁለተኛው መላ ተረት ነው። በዚህ እንኳ አልታማም። የማስተምረው አማርኛ ነው፤ አንበሳ ስሆን አንበሳ ነኝ፤ ዝንጀሮ ስሆን ቅርንጫፍ ያስፈልገኛል። ቀኑን በሁለት ፈረቃ አስተምሬ፣ ማታ ቀበሌ ስብሰባ ተቀምጬ «ይውደም» እና «ይለምልም» ስል አምሽቼ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ እየሮጥኩ እገባና ፋኖሱ ሥር ተቀምጬ እጀምራለሁ። ልጆቹ እየጮኹ ይስቃሉ። ባለቤቴ ከላይኛው ነደባ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ፣

«አንተ ሰውዬ፣ እባክህ አንበሳውን ቀስ አድርገው» ትለኛለች።

«ቀስ ያለ አንበሳ አለ እንዴ?»

እንዲህ እያልን ነበር የምናመሸው። ከሐኪም የተመለስንበት ቀን ግን ነገሩ ተለወጠ። ከዚያች ማታ ጀምሮ እሷ ፀጥ ባለች ቁጥር እየቆጠረች እንደሆነ አውቃለሁ። ቀኑን ነው የምትቆጥረው። እኔም እቆጥር ነበር፤ ግን ጮክ ብዬ ሌላ ሌላ ነገር እያወራሁ።

የዘይቱን ሐሳብ ያመጣው በትምህርት ቤታችን የስፖርት አስተማሪ የነበረው ጓደኛዬ ነው። ሯጮች ሰውነታቸው በዘይት ሲታሽ እንደ ድንጋይ ይተኛሉ አለኝ። የእኔ ልጆች ቀኑን ሙሉ ሯጮች ናቸው። እንግዲያው የቀረው ማሸቱ ነው አልኩ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ቅቤ ነበር። አናታቸውን ቀባኋቸው። የሰፈሩ ድመቶች በመስኮቱ ገቡ፤ ልጆቼ ድመት ሲያባርሩ አመሹ። ሁለተኛው የባሕር ዛፍ ቅጠል በዘይት አፍልቼ ያወጣሁት ቅባት ነው፤ ሦስቱ ተራ በተራ እስኪደክማቸው አነጠሱ። ሳይደክማቸው ነው ልበል እንጂ፤ የደከመን እኛን ነው። ሦስተኛው ጠጅ ሳር ቀጥቅጬ በኑግ ዘይት የዘፈዘፍኩት ነበር። እሱ እንኳ ሽታው መልካም ነው። ግን ተንሸራታች ሆነላቸው። ከላይኛው ነደባ እስከ ታችኛው በሆዳቸው መንሸራተትን ተማሩ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ደክሟት አይቻት አላውቅም።

«ተው በቃ» አለችኝ። «አንተም አረፍ በል።»

አረፍ ማለት አላውቅበትም ነበር።

በማግስቱ ክፍል ቆሜ ግስ ሳስተምር ካምፎር ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ጉንፋን ሲይዘኝ የሰፈራችን ድሬሰር ደረቴን በካምፎር ቅባት አሽቶኝ ሦስት ቀን ተኝቼ ነበር። ሦስት ቀን የተኛሁት ትኩሳት ስለነበረብኝ ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ለእኔ ዓይነቱ ሊቅ አይመጥንም። የመጨረሻው ደወል እንደተደወለ መኪና ግርግር በሚሉት የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ በሲንጀር መስፊያዎቹ ጩኸት መካከል አልፌ መጋላ ወደሚሉት ገበያ ወረድኩ። እዚያ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለሱቁ ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ዐጥር የሚሉትን ሽቶና የጽጌረዳ ውሃ፣ ጥቁር አዝሙድ ዘይትና ከርቤ ይሸጣሉ። ሱቃቸው ገና ከሩቁ ነው የሚሸተው።

«ካምፎር ይኖርዎታል አባቴ? ነጩ፣ የሚሸተው?»

«ካፉር» አሉ፤ በእነሱ አጠራር ማለት ነው። ፈገግታቸው ጠፋ። ከጠርሙሶቹ ጀርባ አንዲት ቆርቆሮ አወጡ። «መምህር፣ ቤትህ የት ነው?»

ሰፈሩን ነገርኳቸው።

«የእሜቴ ጎረቤት? ብቻቸውን የሚኖሩት?»

«አዎ፣ ግድግዳ የምንጋራ።»

«ሱብሃነላህ።» ነጩን ፍርክስካሽ በወረቀት ጠቀለሉልኝ፤ ሳልጠይቅ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ የጽጌረዳ ውሃም ጨመሩበት። ትከሻዬን በእጃቸው ነካ አደረጉና፣ «ጎረቤት ነህ፣ ጎረቤት ያደርጋል። አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አሉኝ። ሰብር ትዕግሥት ማለት መሆኑን አውቃለሁ። የልጆቼ ዝና መጋላ ድረስ መድረሱ ገረመኝ። ደግሞ ለአስተማሪ ያላቸው አክብሮት ልቤን ነካው። ቀጥ ብዬ ነው ወደ ቤት የተራመድኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ካምፎሩን በሞቀ የሰሊጥ ዘይት አሟሟሁት፤ የጽጌረዳውን ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ሦስቱን ልጆች እስከ ወገባቸው አራቁቼ ታችኛው ነደባ ላይ በተርታ አጋደምኳቸው። ደረት፣ ጀርባ፣ የውስጥ እግር። ቅዝቃዜውና ለብለብ ማድረጉ ሳያስደነግጣቸው አልቀረም፤ ሦስቱም ጸጥ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ የፋኖሱን እስትንፋስ ሰማሁ።

«የምን ሽታ ነው?» አለች ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና። «የቤተ ክርስቲያንም አይደለ፣ የሆስፒታልም አይደለ።»

«የሳይንስ ነው» አልኳት።

ፈገግ አለች መሰለኝ። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። እንቅልፍ ሊወስዳት ነበር፤ ይህን እምላለሁ፤ ሊወስዳት ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

በዚያች ቅጽበት በጠባቡ መንገድ ላይ የብዙ ጫማ ኮሽታ መጣ። ከዚያ የሴት ለቅሶ። ከዚያ የግቢያችን በር ተከፈተ። በመስኮት ብቅ ብዬ ሳይ፣ ኮፍያ ያደረጉ ወንዶች፣ በሻርፕ የተሸፋፈኑ ሴቶች፣ ከኋላቸው ሁለት ጎልማሶች ቃሬዛ ተሸክመው ገብተዋል። ሁሉም ወደ እማማ በር ነው ያመሩት። «ሽታው እዚህ ድረስ ነው፤ መቼም ታጥበዋል ማለት ነው» ይላል አንዱ። «ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን እንወስን፤ ዛሬ ነው ነገ?» ይላል ሌላው። አንዲት ሴትዮ ደረቷን ይዛ ታለቅሳለች።

የእማማ በር ተከፈተ። እማማ ለመግሪብ ሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያ እንደያዙ ወጡ።

ግቢው እንደ ልጆቼ ጸጥ አለ።

«ማን ሞተ?» አሉ እማማ።

አንዱ አንዱን ያያል። በመጨረሻ ታለቅስ የነበረችው ሴትዮ፣

«እርስዎ... እርስዎ ነዎት ነበር የተባለው» አለች።

«እኔ?»

«ካፉር ተገዝቷል ተባለ፤ ጎረቤቱ መምህር ገዛ ተባለ፤ ሽታውም...»

«እኔ ከሞትኩ ለእኔ ለምን አይነገረኝም?» አሉ እማማ። አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። እሳቸው ግን አልሳቁም። አፍንጫቸውን ከፍ አድርገው አሸተቱ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጠው ወደ እኛ በር መጡ። እኔ ለመደበቅ ቦታ ፈለግሁ፤ ከሦስት ልጅ የተረፈ ቦታ በዚያ ቤት አልነበረም።

ገብተው ቆሙ። በፋኖሱ ብርሃን ሦስቱ ልጆቼ ቀዩ ነደባ ላይ በተርታ ተጋድመው፣ ዘይት እያብረቀረቁ፣ እጃቸውን ጎናቸው ላይ አድርገው፣ አይንቀሳቀሱም። የእማማ እጅ ወደ አፋቸው ሄደ።

«ሦስቱም?» አሉ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ።

ያኔ ትንሹ ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ አባባ ቀባን» አላቸው።

የነደባው ጠርዝ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። እያንዳንዱን በእጃቸው ዳሰሱት፤ አናት፣ ጉንጭ፣ ደረት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር። ይህን እኛ ለማን እንደምንቀባ ታውቃለህ?»

«ለ... እንቅልፍ።»

«አዎ። ለማይነቃ እንቅልፍ። ሬሳ ስናጥብ መጨረሻ ላይ የምንጨምረው ካፉር ነው። በዚህ ሰፈር ይሄ ሽታ ከወጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም፤ ሌላ!»

ከላይኛው ነደባ ባለቤቴ መሳቅ ጀመረች። አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ሆዷን በሌላው እጇ ደግፋ፣ እስኪያልባት ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል ሳቁ ተቀየረ። ማልቀሷ ነበር።

«እማማ» አለች፣ «ልተኛ። እባክዎ ልተኛ ብቻ። ሰባተኛው ወር ሊገባ ነው፤ ሁለቱም የሄዱብኝ በዚህ ነው። ሐኪሙ ተኚ ብሎኛል፤ እንቅልፍ ከየት ላምጣ?»

እማማ ተነስተው ወደ እሷ ወጡ። እግሯን አዩት። በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ጣታቸውን ሲያነሱ ጉድጓዱ ቀረ። ከዚያ በኋላ እኔን አልተቆጡኝም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ወጥተው ለሰዉ በሐረሪኛ አንድ ሁለት ነገር ተናገሩ፤ ሰዉ ቃሬዛውን ይዞ፣ እያጉረመረመም እየሳቀም ተበተነ። ተመልሰው የራሳቸውን ጀሪካን አምጥተው ልጆቼን በሞቀ ውሃ አጠቧቸው። ሐረር ላይ፣ ንጋት ላይ ተሰልፈን በወረፋ በምንቀዳበት ዘመን፣ ሰው ሙሉ ጀሪካን ለጎረቤት ልጅ ገላ አፈሰሰ ስል የሚገባው ይገባዋል።

«ነገ ማታ መጥቼ አያለሁ» አሉኝ ሲወጡ። «አንተ ምንም እንዳትቀባ። ቅቤም ቢሆን።»

ድመቶቹንም ሰምተዋቸው ነበር ለካ።

በማግስቱ መሸት ሲል መጡና በሩ አጠገብ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃውን፣ እየቆጠሩ ዝም ብለው አዩን። እንግዳ ስላለ ለልጆቹ የተሻለውን ተረቴን መረጥኩ። አንበሳው አገሳ፤ ዝንጀሮው ዘለለ፤ በሬውም ጣልቃ ገባ። ልጆቹ ነደባውን ከላይ እስከ ታች አዳረሱት። ባለቤቴ ትራሱን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ተረቱ ሲያልቅ ላብ አጥምቆኝ፣ ጭብጨባ እንደሚጠብቅ ሰው ወደ እማማ ዞርኩ።

«በዚህ ቤት የማይተኛ አንድ ሰው ነው ያለው» አሉ።

መሐከለኛውን ልጅ አየሁት።

«ወዴት ታያለህ? አንተን ነው።»

«እኔን? እኔ እኮ ነኝ የማስተኛቸው!»

«አንበሳው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዝንጀሮውስ?»

«እኔው ነኝ።»

«በሬውስ?»

«እሱም...»

«ሦስት ልጅ፣ ሦስት አውሬ። ስድስት ሆናችሁ ነው ይህችን ነፍሰ ጡር እንቅልፍ የምትነሷት? ወላሂ እኔ እንኳ ግድግዳ ወዲያ ሆኜ የበሬውን መጨረሻ ሳልሰማ አልተኛም።»

ባለቤቴ ትራሱን ከጆሮዋ አነሳች።

እማማ ከጉያቸው አንዲት ጠርሙስ አወጡ። ለስላሳ የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ውስጡ ሪሓን፣ የእኛ በሶብላ ዘመድ የሆነውን ማለታቸው ነው፣ ከደረቀ የጽጌረዳ ቅጠል ጋር ፀሐይ ላይ ሰንብቷል። በትንሽ ጣሳ አድርገው ፍም ላይ ለብ አደረጉት። ሽታው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ልጆቹ ልብሳቸውን ሊያወልቁ ሲሽቀዳደሙ እማማ በእጃቸው አስቆሟቸው።

«እናንተን አይደለም። አባታችሁን ነው።»

ታችኛው ነደባ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ አጋደሙኝ። ለትልቁ ቀኝ እግሬን ሰጡት፤ ለመሐከለኛው ግራ እግሬን፤ ለትንሹ ግንባሬን። «አባታችሁን አስተኙ» አሏቸው። «ቀስ አድርጋችሁ እሹ። የተናገረ ይሸነፋል፤ ከነቃ ሁላችሁም ተሸንፋችኋል። ሲተኛ በእግራችሁ ጫፍ ወደ ቦታችሁ።» ወደ እኔ ጎንበስ ብለውም፣ «አንተ ደግሞ ዝም በል። ቤት የሚተኛው ከአባት ጀምሮ ነው» አሉኝ።

ለማስመሰል ነበር ያሰብኩት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ልጆቹ እስኪጋደሙ ጠብቄ እነሳለሁ፤ የማርመው ደብተር አለኝ። ትንንሽ እጆች እግሬን ያዙ። ከንጋት ጀምሮ በወረፋ የቆመው፣ በሁለት ፈረቃ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመው፣ በስብሰባ የተንጠለጠለው እግር ነው። ዘይቱ ለብ ያለ ነው። ትልቁ ትንፋሹን ውጦ፣ እንደ ፈተና ወረቀት ተጠንቅቆ ያሻል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ቀልድ አይደለም። ስንት ዓመት እንደደከመኝ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ድካሜን በአንበሳው ድምፅ ስሸፍነው ኖሬአለሁ፤ አንበሳው ሲያቆም ሥር የነበረው ሁሉ ወጣ። እሷ ቀኗን ስትቆጥር እኔ የጮህኩት ቆጠራው እንዳይሰማኝ ነበር። ይህን አስቤ ልጨርስ አልቻልኩም። እንቅልፍ ጣለኝ።

የቀረውን ባለቤቴ ናት የነገረችኝ። አፌን ከፍቼ ማንኮራፋት ስጀምር ሦስቱ ልጆች እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ያለ ድምፅ ጨፈሩ። ትንሹ «ተኛ!» ብሎ ሊጮህ ሲል ትልቁ አፉን አፈነው። ከዚያ እንደ ሌባ በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ወደ ቦታቸው ሄደው፣ እንዳልነቃ ከሩቅ እየጠበቁኝ፣ ጠባቂዎቹ አንድ በአንድ ወደቁ። እማማ ፋኖሱን አጠፉና በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ። «ከዚያስ?» አልኳት ባለቤቴን። «ከዚያማ አላውቅም» አለች። «ተኝቼ ነበር።»

በየማታው እንዲሁ ሆነ። ልጆቼ ሥራውን እንደ ትልቅ ሹመት ያዙት። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ ለጓደኞቻቸው «ትናንት አባባን ወዲያው ጣልነው» እያሉ ይፎክሩ ነበር፤ ተማሪዎቼም ሰሙ፤ ክብሬ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። አንዳንድ ማታ ለመንቃት እታገላለሁ፤ ደብተሩ ይከመራል፤ በሬውም ናፈቀኝ። አላሸንፋቸውም። እማማ ዘይቱ ሲያልቅ ይሞሉልናል። በመጋላ ሳልፍ የሽቶው ባለሱቅ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «መምህር፣ ዛሬስ ማንን ልትቀብር ነው?» ይሉኛል፤ በሱቁ ያለ ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ?

ሰባተኛው ወር ገባ። በዚያ ወር በቤታችን ማንም ቀኑን ጠቅሶ የተናገረ የለም። ወደ ሐኪም ስንመለስ ኩባዊው የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠቅልሎ፣ ነፍቶ፣ አዳምጦ፣ እንደገና ነፋ። ነርሷ፣ «ወርዷል። ምን አደረጋችሁ?» ስትል ባለቤቴ፣ «ባሌን አስተኛን» አለቻት። ነርሷ ይህንን እንዴት አድርጋ በስፓኒሽ እንደተረጎመችው እንጃ፤ ሐኪሙ ግን እኔን እያየ ረጅም ሳቀ። ሰባተኛው አለፈ። ስምንተኛውም ገባ፣ ወጣ። እሷ መቁጠር ማቆሟን ያወቅሁት አንድ ማታ ከላይኛው ነደባ በጥጋብ «አንተ፣ አንበሳው ምን ሆኖ ቀረ?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው። ልመልስላት አፌን ስከፍት ትንሹ እጁን አፌ ላይ አደረገው።

ዘጠነኛው ወር ሲገባ አንድ እሑድ ፀሐይ ከፍ ስትል ልጆቼ ላዬ ላይ ሲዘሉ ነቃሁ። ባለቤቴ ከላይኛው ነደባ የለችም። አልጋ ልብሷ በሥርዓት ታጥፏል። የእማማ ልጥፍ ጎረቤት የሆነች ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች።

«ሆስፒታል ናቸው» አለችኝ። «ሌሊት ምጥ ጀምሯት ግድግዳውን አንኳኳች፤ እማማ መጡ። ሰዓት እላፊው እንዳለቀ ቀስ እያልን በእግር ሄድን። ሴት ልጅ ነች። ደህና ናቸው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም!»

«እማማ ሊቀሰቅሱዎት ነበር። ባለቤትዎ ናት ‹ተዉት፣ እሱ ከነቃ ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል› ያለቻቸው።»

በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ስሮጥ ያገኘሁት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» ወይም «ሙባረክ» ይለኛል። ውሃ የሚቀዱት፣ በር የሚከፍቱት፣ የልብስ ሰፊው፤ ሁሉም ሰምቷል። የመጨረሻው ሰሚ አባትየው ነው። እግሬ በትናንቱ ዘይት እየተንሸራተተ ከጫማዬ ሁለት ጊዜ ወጣ።

ክፍሉ ውስጥ እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንቀላፍተዋል። ባለቤቴ ወደ ጎን ዞራ ተኝታለች፤ ጎኗ አንዲት ትንሽ ጥቅል አለች፤ እሷም ተኝታለች። ነርሷ በእጇ ልቀስቅስልዎት ብላ ጠየቀችኝ፤ አይሆንም አልኳት በጭንቅላቴ። ብዙ የምናገረው ነበረኝ። ሙሉ መንገዱን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። የአልጋውን ብረት ይዤ ቆምኩ።

ባለቤቴ አንድ ዓይኗን ከፈተች።

«መቼ ነቃህ?»

«አሁን።»

«ልጆቹስ?»

«ቤት ናቸው፤ ሰው አለ።»

«በል ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለችና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

ተቀመጥኩ።